ትራከርን ስኪ ስናጫማው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። 1፡72 የግሩማን ትራከር ኪት (ከእውነተኛው አውሮፕላን 72 ጊዜ ያነሰ፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም ሞዴል) ገዝተሃል። ካናዳ ይህንን የባሕር ቃኚ አውሮፕላን በአርክቲክ በረዶ ላይ አሰማርታው ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር ብለህ ስኪ፣ ማለትም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ልትገጥምለት አስበሃል። መጠኑ ስንት ይሁን፣ እንዴት ይገጠም፣ ቀለሙስ ነው ያልከው። እኔ ይህንኑ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ካርቶን ውስጥ ተደብቋል፤ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምነግርህን በአብዛኛው ያስተማረኝ ካርቶን ውስጥ ያለው ነው።

ስኪ ያለው የባሕር ቃኚ ጨርሶ ቅዠት አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኔፕቱን አውሮፕላኖቹን ስኪ አጫምቶ ወደ አንታርክቲካ ልኳቸዋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1955 ከኒውዚላንድ ተነስተው ማክመርዶ ካረፉት አራት አውሮፕላኖች ሁለቱ ኔፕቱኖች ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ የኔፕቱንን ፎቶዎች ሰብስብ። ትልቅ ስኪ ከሞተር ቤት ሥር ሲንጠለጠል ምን እንደሚመስል ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ሙጫውን ከመክፈትህ በፊት ግን አንድ ነገር ለራስህ መልስ። ይህ አውሮፕላን በረዶ ላይ የሚያርፈው ምን ሊሠራ ነው? የባሕር ቃኚ ሥራው አየር ላይ ነው። ይነሳል፣ ሲዞር ይውላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስኪ ደግሞ ክብደት ነው። ነፋስ ይይዛል፣ ነዳጅ ይበላል። ያለ ምክንያት የሚገጥመው ኢንጂነር የለም። የመጀመሪያው ሞዴሌ የከሸፈው እዚህ ላይ ነው። ስኪውን የገጠምኩት ስላማረኝ ብቻ ነበር። ያየው ሁሉ «ለምን?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ለሁለተኛው ታሪክ ፈጠርኩለት። መነሻው እውነት ነው፦ እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1958 ናውቲለስ የተባለችው የአሜሪካ ኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ በበረዶው ሥር ሰሜን ዋልታን አለፈች። አንዷ ካለፈች ሌላዋም ማለፏ አይቀርም። አሁን የትራከርን ችግር እየው። ሰርጓጅን የሚያዳምጠው ሶኖቦይ የሚባለውን መሣሪያ ባሕር ላይ እየጣለ ነው። ሶኖቦይ ውሃ ይፈልጋል፤ ጠጣር በረዶ ላይ ቢወድቅ ምንም አይሰማም። ከጅራቱ የሚወጣው የመግነጢስ መመርመሪያ ዘንግ በረዶ አይከለክለውም፣ ግን ከቅርብ ብቻ ነው የሚያውቀው። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የኔ ፈጠራ ነው፦ አውሮፕላኑ በረዶው ላይ ያርፋል፣ ሠራተኞቹ ወርደው በረዶውን ይሰረስራሉ፣ ማዳመጫውን በገመድ ወደ ውሃው ይለቃሉ። ይህ ታሪክ ከተያዘ በኋላ ግማሹ ውሳኔ ራሱን ወሰነ። አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ላይ ሲያርፍ ገመድ የሚይዝበትን መንጠቆ ቆርጬ ጣልኩት፤ በረዶ ላይ የሚይዘው ገመድ የለም፣ ክብደትም ይቀንሳል። የሚታጠፈውን ክንፍ ግን ተውኩት። በዚያ ብርድ ጠባብ መጠለያ ውስጥ መግባት መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ መጠኑ ልምጣ። ሰው ሁሉ ስኪን በዓይኑ ይለካል፣ ዓይን ደግሞ ያታልላል። የመጀመሪያዬ ጀልባ ያህል ነበር። ከእውነተኛው መዋስ ይሻላል። ኤልሲ-130 ማለት ስኪ ያለው ሄርኩለስ የጭነት አውሮፕላን ነው። ዋናዎቹ ስኪዎች እያንዳንዳቸው ወደ 6.1 ሜትር ርዝመትና 1.7 ሜትር ስፋት አላቸው። የአፍንጫው ስፋቱ ያው ሆኖ ርዝመቱ 3 ሜትር ግድም ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ወደ 26 ካሬ ሜትር ይጠጋሉ። አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነት ይዞ 70 ቶን አካባቢ ነው። ስታካፍለው እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2.7 ቶን ተሸክሟል ማለት ነው። የቀደምቱ ትራከር ሙሉ ክብደት 12 ቶን ገደማ ስለሆነ በዚህ ስሌት 4.4 ካሬ ሜትር ይበቃዋል።

ይህንን ለሦስት አከፋፈልኩት። ለዋናዎቹ 3 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ለአፍንጫው 1.6 ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር። ወደ 1፡72 ስታወርደው 42 ሚሊ ሜትር በ8፣ እና 22 በ7 ይሆናል። ቆርጬ ከሞዴሉ ሥር ሳስቀምጠው ግን ትንሽ ሳሳብኝ። ደግሞም ሄርኩለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ተስተካክሎ በተዘጋጀ በረዶ ላይ ነው። የኔው ትራከር የሚያርፈው ማንም ባልረገጠው ላይ ነው። ስለዚህ ዋናዎቹን ወደ 45 በ10 አሳደግኳቸው። ማንም ቢጠይቀኝ አሁን መልስ አለኝ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የ0.5 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሉህ ድርብ አድርገህ ተጠቀም። እኔ መጀመሪያ አንድ ወፍራም ሉህ በሻማ አሙቄ ላጥፍ ብዬ ጫፉ ተጨማዶ ቀረ። ይልቅ ሁለቱን ቀጫጭን በፈሳሽ ሙጫ አጣብቃቸውና ሙጫው ሳይደርቅ ክብ እንጨት ላይ ጎንበስ አድርገህ በፕላስተር እሰራቸው። እስከ ማግስቱ አትንካቸው። ከደረቁ በኋላ ኩርባው አይመለስም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፣ ክፍተት ካለ በስቱኮ ሙላ። ከሥሩ በርዝመቱ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ለጥፍ፤ አውሮፕላኑ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ማንም አያያቸውም። እኔ ግን እንዳሉ አውቃለሁ።

ጎማውን እንዳትጥለው። በመጀመሪያው ሞዴል ጎማውን አውጥቼ በምትኩ ስኪ ለጠፍኩ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ከአስፋልት መነሳት አይችልም፤ ካናዳ ሙሉ በሙሉ በረዶ ካልሆነች በስተቀር። የሄርኩለሱ ስኪ መሃሉ ላይ ክፍት ነው። ስኪው ወደ ላይ ሲሳብ ጎማው በክፍቱ ብቅ ይላል፣ ሲወርድ ደግሞ ጎማው ከስኪው በላይ ይቀራል። አንተም ክፍቱን ከጎማው ትንሽ ሰፋ አድርገህ ቁረጥ። የትራከር የፊት እግር ሁለት ጎማ ስላለው ለአፍንጫው ስኪ ሁለት ክፍት ያስፈልጋል። እግሩ ሲታጠፍ ስኪው የት ይገባል ካልከኝ አይገባም፤ እንደ ኔፕቱኑ ከሞተር ቤቱ ሥር ተለጥፎ ይቀራል። አፍንጫው ላይ በሮቹን አሳጠርኳቸው። እውነቱን ለመናገር አውሮፕላኑን መሬት ላይ ስላቆምኩት ብዙ አልተጨነቅኩም።

አንድ የትራከር ጉድ አለ፣ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሶኖቦዮቹ የሚቀመጡት በሞተር ቤቶቹ የኋላ ጫፍ ውስጥ ነው፣ የሚጣሉትም ከዚያው ነው። የስኪህ ጅራት ከዚያ ሥር ወደ ኋላ ከረዘመ መሣሪያው ሲወጣ ስኪውን ይመታል። እኔ ስኪውን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ ነው የገጠምኩት። ከሆዱ ሥር ወርዶ የሚወጣው የራዳር ጉልላትም መሬት ላይ ሲቆም ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። በረዶ ላይ ተንጠልጥሎ ካየሁት ሳቄን አልችልም።

ሲገጠም ሦስቱ ስኪዎች አንድ ወለል ላይ መተኛት አለባቸው፣ እርስ በርስም ትይዩ መሆን አለባቸው። ጎማ ቢንጋደድ ማንም ልብ አይልም። ረጅም ስኪ ግን በትንሹ ከዞረ ከሩቅ ያስታውቃል። መስታወት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምር፣ ስኪዎቹን በመስመሩ ላይ በፕላስተር ያዝ፣ እግሮቹን ቶሎ በማይደርቅ ኢፖክሲ ሙጫ ግጠም። ለማስተካከል ጊዜ ታገኛለህ። አውሮፕላኑ በጅራቱ እንዳይቀመጥ አፍንጫው ውስጥ የብረት ክብደት ጨምር። የኪቱ የፕላስቲክ እግሮች ይህን ሁሉ ስለማይችሉ ውስጣቸውን ሰርስረህ የናስ ዘንግ አስገባ።

ከዚያ ገመዶቹ። እነሱ ከሌሉ ስኪው የተለጠፈ ሳንቃ ነው የሚመስለው። ስኪ በአክሰሉ ላይ ይወዛወዛል። አየር ላይ ጫፉ ወደ ታች ቢዘቀዘቅ አደጋ ነው። ስለዚህ ከፊት ተለጣጭ ገመድ ጫፉን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ከልክ በላይ ቀና እንዳይል ይገታዋል። ለሞዴሉ ቀጭን የላስቲክ ክር ይበቃል። መሬት ላይ ሲቆም የፊቱ ይወጠር፣ የኋላው ትንሽ ይላላ። እኔ መጀመሪያ ሁለቱንም እንደ ክራር ጅማት ወጥሬያቸው ነበር።

ስለ ቀለም ብዙ አላወራም። በረዶ ውስጥ የወደቀ አውሮፕላን እንዲታይ ጅራቱና የክንፉ ጫፍ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቀይ ይሆናል። ብርቱካናማውን ግራጫ ላይ አትቀባ፣ ይሞታል። ከሥሩ ነጭ አልብሰው፣ ከዚያ በስሱ ደጋግመህ ንፋ። ከቀለሙ በላይ ያስቸገረኝ ዲካሉ፣ ማለትም ተለጣፊ ምልክቱ፣ ነው። ታሪክህ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ወስን። ባለ ሜፕል ቅጠሉ የካናዳ ባንዲራ በይፋ የተሰቀለው ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1965 ነው። የካናዳ ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይልና አየር ኃይል የተዋሃዱት ደግሞ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ነው። በ1960 የሚበር ትራከር ጅራት ላይ የሜፕል ባንዲራ ከለጠፍክ አንድ አዋቂ አይምርህም፤ እኔን አልማረኝም። ከ1970 በኋላ፣ ቦናቬንቸር የምትባለው አውሮፕላን ጫኝ መርከባቸው ከሥራ ስትወጣ ትራከሮቹ ከየብስ እየተነሱ እስከ 1990 ባሕር ዳርቻ ሲጠብቁ ቆይተዋል። ለስኪ ታሪክ ይህ ዘመን ይበልጥ ይመቻል።

የበረዶውን መደብ በቤኪንግ ሶዳና በነጭ ሙጫ እንዳትሠራው። የመጀመሪያው ቀን ቆንጆ ነው። የኔው ቆይቶ ቢጫ ሆነ። የተፈጨ እብነ በረድ ወይም ለዚሁ የተሠራ የበረዶ ዱቄት ይሻላል። ስኪው በረዶው ላይ ተንሳፍፎ አይቁም፣ ትንሽ ይስመጥ። ከኋላው የመጣበት ዱካ ይታይ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የቆመ ስኪ በረዶው ላይ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1956 ኬ ሴራ ሴራ የተባለችው ባለ ስኪ ዳኮታ አውሮፕላን ደቡብ ዋልታ ላይ ስታርፍ ስኪዎቿ ከበረዶው ጋር ተጣበቁ። ሞተሮቿ ብቻ ሊያላቅቋት አልቻሉም፤ የተነሳችው 15 የመነሻ ሮኬቶቿን ተኩሳ ነው። ለዚህ ነው አብራሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲያቆሙ ከስኪው ሥር እንጨት የሚያስገቡት። እኔም ከየስኪው ሥር ሁለት ሁለት ቀጫጭን ሳንቃ አግድም አስገብቻለሁ፣ ከሆዱ ጎንና ጎንም ሁለት ሁለት ሮኬት። የሮኬቶቹን ጠርሙስ የሠራሁት የኪቱ ክፍሎች ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም ቁርጥራጭ ነው፤ ያንተን ፍሬም ሳትጥል አስቀምጥ።