ትናንት እምቢ ያለው ፎቶ ዛሬ ተከፈተ

ከኮምቦልቻ አንዲት ፎቶ አንሺ ጽፋልኛለች። ሐይቅ ላይ የኒካህ ፕሮግራም ነበራት። የሴቶቹን ወገን ያነሳችው እሷ ናት። ካሜራዋ ካኖን 6ዲ ነው። 640 ፎቶ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልተቀነባበረ ጥሬ መልኩ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ አንስታ ከካሜራው ሚሞሪ ካርድ ወደ ላፕቶፕ ኮፒ አደረገች። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ስትከፍት ወደ 70 የሚሆነው እምቢ አለ። አንዳንዱ ለአፍታ ጥርት ብሎ ይታይና ወዲያው «ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አንዳንዱ ከላይ ደህና ሆኖ ከወገቡ በታች ሮዝና ግራጫ መስመር ነው። ካሜራው ላይ ግን ሁሉም ያምራሉ። ላፕቶፑን አንድ ሱቅ ወሰደችው። የሱቁ ልጅ «ላይትሩሙ አርጅቷል» ብሎ ሌላ ጫነላት። ለውጥ የለም። ጥያቄዋ ሁለት ነው። የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ? ቅዳሜ ሐርቡ ሌላ ሰርግ አለብኝ፣ በዚሁ ካርድ ላንሳ ወይ?

እህቴ፣ አብሽሪ። ሶፍትዌር አትግዢ። በዚያ ካርድም አታንሺ።

ሌላ ነገር ከማንበብሽ በፊት ተነሺና ካርዱን ከካሜራው አውጪ። ጎኑ ላይ «ሎክ» የምትል ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ ወደ ታች ሳቢያት። ከአሁን በኋላ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም። ፎቶ አይነሳበትም። ፎርማት አይደረግም። ዊንዶውስ «ካርዱ ችግር አለበት፣ ላስተካክለው?» ሲልሽ እሺ አይባልም። ይህን ደጋግሜ ነው የምለው፤ ከሰለቸሽም ይሰልችሽ።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልምጣ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር አለች። «ትናንት እምቢ ያለው ፎቶ ዛሬ እንደገና ከካርዱ ሳመጣው ተከፈተ፤ ትናንት ደህና የነበረ ሌላ ደግሞ ተበላሸ» ብለሻል። ለእኔ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ። ሶፍትዌር ያላወቀውን ፋይል ነገም አያውቀውም፣ ከነገ ወዲያም አያውቀውም። ካርዱ ላይ ተበላሽቶ የተጻፈ ፎቶም አብዛኛውን ጊዜ እንደተበላሸ ይኖራል። በየቀኑ የሚታመመው ፎቶ የሚቀያየር ከሆነ በሽታው መንገድ ላይ ነው፤ በካርዱና በላፕቶፑ መካከል። እኔ የምጠረጥረው ካርድ ሪደርሽን ነው፤ ካርዱን ሰክተሽበት ላፕቶፑ ላይ የምትሰኪውን ዕቃ።

ሳላየው ልንገርሽ? ፕላስቲክ ነው። ለሁሉም ዓይነት ካርድ ቀዳዳ አለው። ስትሰኪው ይወዛወዛል። የላፕቶፑ ቀዳዳ ስላነሰሽ ደግሞ በዩኤስቢ ሃብ፣ አንዱን ቀዳዳ ብዙ በሚያደርገው ማከፋፈያ፣ በኩል ነው የሰካሽው። እዚህ ደሴ ይህ ዕቃ እንደ ክብሪት ነው የሚሸጠው። የካርዱን ጥርስ የሚነኩት ስስ ቆርቆሮዎች ጥቂት ጊዜ ከተሰካባቸው በኋላ ይላላሉ። ሰው ለካሜራው የቤት ዕቃ ሸጦ ይገዛል፣ የሰርጉን ሥራ በሙሉ ግን በማኪያቶ ዋጋ ሪደር ያሳልፈዋል። እኔም አድርጌዋለሁ።

«ታዲያ ካሜራው ላይ ለምን አማረ?» ብለሻል። ይህን ጥያቄ ስለምወደው ትንሽ ታገሺኝ። ሮው ፋይል ውስጥ ያለው ምስል አንድ ብቻ አይደለም። ከፊት ለፊት ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ጄፔግ፣ ያ የለመድነው ያለቀለት ፎቶ፣ አለ። ከኋላ ደግሞ ዋናው፣ ብርሃኑን ከሚቀበለው ሴንሰር የመጣው ጥሬ መረጃ ይከተላል። የካሜራሽ ስክሪን የሚያሳይሽ ጄፔጉን ነው። ላይትሩምም መጀመሪያ ብልጭ የሚያደርግልሽ እሱኑ ነው። ከዚያ ጥሬውን ሊቀይር ሲገባበት ይወድቃል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ማማሩ ለጥሬው መረጃ ምስክር አይሆንም።

ሮዙ መስመርስ? ካኖን ጥሬውን መረጃ ሲጽፍ ቦታ ለመቆጠብ ይጨምቀዋል። ስልቱ የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ነው። ባለሱቁ በየቀኑ ጠቅላላ ዕዳሽን አይጽፍም። «ዛሬ 50 ወሰደች፣ 30 ከፈለች» እያለ የመጣውንና የሄደውን ብቻ ያሰፍራል። ካሜራውም እንደዚያው ነው። ይህች ነጥብ ጎኗ ካለችው በስንት ትበልጣለች ወይም ታንሳለች፣ እሱን ብቻ ይመዘግባል። ደብተሩ በደህና እስከተያዘ ድረስ ሒሳቡ አንድ ሳንቲም አይጎድልም። አንድ መስመር ላይ ቡና ቢፈስስ ግን ከዚያ በላይ ያለው ንጹሕ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ዕዳ በሙሉ የሌላ ሰው ይሆናል። በዚያ ላይ ካሜራው ቁጥሮቹን የሚጽፈው ያለ ምንም ክፍተት አያይዞ ነው። ርዝመታቸውም እኩል አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ልዩነት በአጭር ምልክት ይጻፋል፣ ብርቁ በረጅም። ሁለት ነጥብ ሳይደረግበት የተጻፈ ብራና አስቢ። አንዲት ፊደል ስትፋቅ አንባቢው ቃሉ የት እንዳለቀ፣ ቀጣዩ የት እንደጀመረ ይጠፋበታል። ከ20 ሜጋባይት በላይ በሆነ ፋይል ውስጥ አንዲት ቢት፣ የፋይሉ ትንሿ ቅንጣት፣ መንገድ ላይ ብትገለበጥ የሙሽራዋ ፊት ደህና ሆኖ ቀሚሷ ሮዝ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሱቁ ልጅ ላይትሩሙን አሥር ጊዜ ቢቀያይረው የፈሰሰውን ቡና አያነሳውም።

ስለ እሱ ልጅ አንድ ነገር ልበል። የጫነልሽ ክራክ፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም፣ ሊሆን ይችላል። ክራክ የሚጭኑ ሰዎች አንቲቫይረሱን ያጠፉታል፣ መልሰው አያበሩትም። ዛሬውኑ እዪው። ላፕቶፑን ከመስጠትሽ በፊትም ፎልደሩን ማንሳት ነበረብሽ። የሴቶች ፕሮግራም ነው፤ ሂጃባቸውን አውልቀው የተነሱ ሰዎች አሉበት። ካርዱንማ ለማንም እንዳትሰጪ። ምርመራውን ራስሽ ትሠሪዋለሽ፣ ከባድ አይደለም።

ካርዱ እንደተቆለፈ በዚያው በለመድሽው ሪደር ሰኪው። ከታመሙት 20 ፎቶዎችን አንድ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርጊ። ከዚያ ሪደሩን ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪ። ይህን አትዝለዪው፤ ካልነቀልሽው ኮምፒውተሩ ቅድም ካነበበው ከራሱ ትውስታ ሊሰጥሽ ይችላል። እነዚያኑ 20 ፎቶዎች ሌላ ፎልደር ውስጥ አድርጊ። አሁን ሰቨን ዚፕ የሚባለው ፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም ያስፈልግሻል፤ ነፃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 20 አንድ ላይ መርጠሽ ራይት ክሊክ አድርጊና «ሲአርሲ ሻ» ውስጥ «ሻ 256» የሚለውን ምረጪ። ረጅም የቁጥርና የፊደል ጥልፍ ይሰጥሻል፤ የፎቶዎቹ የጣት አሻራ በይው። ጻፊው። ለሁለተኛው ፎልደርም እንዲሁ። ያው ካርድ፣ ያው ፎቶ ነውና ጥልፉ አንድ መሆን አለበት። ከተለያየ መንገዱ ይዋሻል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሃቡን ተይውና ደህና ሪደር ተበደሪ። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰክተሽ ያንኑ ድገሚ። ሪደር ካጣሽ ካሜራውን ራሱን በዩኤስቢ ገመዱ አገናኚው፤ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ሁለቱም ጊዜ ጥልፉ አንድ ከመጣና ፎቶዎቹ ከተከፈቱ 640ውንም በዚህኛው መንገድ አውርጂ። አሮጌውን ሪደር ሰብረሽ ጣዪው። ለጓደኛ እንዳትሰጪ።

በደህናው ሪደርም፣ በካሜራውም ጥልፉ የሚለያይ ከሆነ የላፕቶፑን ራም፣ ማለትም ጊዜያዊ ትውስታውን፣ ጠርጥሪ። ዊንዶውስ ውስጥ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚባል አለ፤ ማታ ለቀሽው ተኚ።

መቆለፊያዋን አወረድሽ አይደል? አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ቁልፍ ካርዱን በራሷ አትዘጋም። ሪደሩ አይቷት እንዲታዘዝ የተቀመጠች ምልክት ናት፤ የማያያት ርካሽ ሪደር አለ። ተቆልፏል ብለሽ እጅሽን አትልቀቂ። ካሜራሽ ሜኑ ውስጥ ሮውን ወደ ጄፔግ የሚቀይር አለ፣ «እሱን ሞክሪ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ውጤቱን የሚያስቀምጠው እዚያው ካርድ ላይ ነው። ሁሉም በሁለት ቦታ ሳይገለበጥ አትንኪው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው የጠፉ ፎቶዎችን በሪከቨሪ ፕሮግራም አውጥቶ፣ ያወጣውን መልሶ እዚያው ካርድ ላይ አስቀምጦ መጣልኝ። ግማሹን ሰርግ በሌላው ግማሽ ጽፎበታል።

በሁሉም መንገድ ጥልፉ አንድ ሆኖ ፎቶው ግን ያው ሮዝ ከሆነ ካርዱ ላይ ሲጻፍ ነው የተበላሸው። ያን ጊዜም ባዶ እጅሽን አትቀሪም። ፊት ለፊት ያለው ጄፔግ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በብዙ የካኖን ካሜራዎችም በሙሉ መጠን ነው የሚቀመጠው። ፋስትስቶን የሚባለውን የፎቶ ማሳያ ጫኚ። የሮው ሴቲንጉን «ኢምቤድድ ፕሪቪው» ላይ አድርጊውና ፎቶውን ጄፔግ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ላፕቶፑ ላይ፣ ካርዱ ላይ አይደለም። ከለር ለመቀየር እንደ ሮው አይመችም። ለአልበም ግን ይበቃል።

ሶፍትዌሩን በፍጹም አትጠርጥሪ አልልሽም። የካኖን የራሱ «ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል» በነፃ ይወርዳል። አንድ ፎቶ በእሱ ተከፍቶ በላይትሩም ሁልጊዜ እምቢ ካለ ያኔ ጥፋቱ የላይትሩም ነው። ያንቺ 6ዲ ግን በ2012 የወጣ ካሜራ ነው፤ ላይትሩም ካወቀው ቆይቷል። ይህ ችግር የሚመጣው አዲስ ካሜራ ገዝተው በአሮጌ ፕሮግራም ለሚሠሩት ነው። ያንቺ ካሜራ ሮውን የሚጽፈው ሲአር2 በሚባል ፋይል ነው፤ ካኖን ከ2018 ጀምሮ ግን ሲአር3 የሚባል ሌላ የሮው ፋይል አምጥቷል። ላይትሩም 6 ደግሞ ማሻሻያው በ2017 ቆሟል፤ ሲአር3ን መቼም አይከፍትም። የፋይሉን ስም ወደ ሲአር2 መቀየርም ዋጋ የለውም። የላይትሩም ሠሪ የሆነውን የአዶቤን «ዲኤንጂ ኮንቨርተር» በነፃ አውርደው፣ አሮጌው ላይትሩም ወደሚከፍተው ዲኤንጂ ፋይል ይቀይሩት። እሱ የሚመርጠው ፎልደር እንጂ ፎቶ አይደለም፤ ሲከፍቱት «ባዶ ነው» ብለው የሚደውሉልኝ ብዙ ናቸው።

ሁሉም ፎቶ በሁለት ቦታ ከተቀመጠና ከተከፈተ በኋላ ካርዱንም ፈትሺው። አስመሳይ ካርድ ሞልቷል፤ ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎ ውስጡ 8 ይሆናል። ኤች2 ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ካርዱን ሞልቶ ጽፎ መልሶ ያነባል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ይቆያል። ይህ ግን ካርዱ ላይ ይጽፋልና የመጨረሻው ሥራሽ ነው።

ለቅዳሜው ሰርግ ሌላ ካርድ ተበደሪ። ካሜራሽ ካርድ የሚይዘው አንድ ብቻ ስለሆነ ሮውና ጄፔግ አብሮ እንዲጽፍ አድርጊው። የሐይቁን ካርድ ከነመቆለፊያው በወረቀት ጠቅልለሽ ቤት አስቀምጪው። ካሜራ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽው እንዳትሄጂ፤ በሰርግ ግርግር መሃል አንዱ ካርድ ሲሞላ እጅ የሚያነሳው የነካውን ነው።