መልስ፦ የድሮ ጭቃ ቤት ውስጥ ግድግዳ ስለማፍረስ
ወንድሜ፣ በአያትህ ጭቃ ቤት ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየውን ግድግዳ ማፍረስ ይቻላል ወይ ብለሃል። ይቻላል። ግን መጀመሪያ ኮርኒሱን ከፍተህ ጣራው ሥር ተመልከት። በጭቃ ቤት ጣራውን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፣ ጭቃው አይደለም። የግድግዳው ቋሚዎች ወደ ላይ ወጥተው ጣራውን ከያዙ እንዳትቆርጣቸው! እኛ ቤት ሁለት ቋሚ ብቻ ተቆርጦ ቆርቆሮው በአንድ ክረምት ጎበጠ። ያኔ እናቴ ስንት ሌሊት ሳትተኛ አደረች።

ቋሚዎቹ ጣራውን ከያዙ፣ ከመቆረጣቸው በፊት በግራና በቀኝ የባሕር ዛፍ ድጋፍ አቁም። ከዚያ ጠንካራ አግዳሚ ይግባና ጫፎቹ መሬት በደረሱ ቋሚዎች ላይ ይረፉ። ይህን ልምድ ያለው አናጢ ይሥራው።

መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋ፤ ሽቦ በጭቃው ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ጭቃውን ከላይ ወደ ታች አራግፍ፣ አፍና አፍንጫህንም ሸፍን። ምስጥ የበላው ቋሚ ካየህ ሥራውን እዚያው አቁም።