እናቴን በቀኝ በኩል አስገባኋት

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ይህን የምጽፍልዎት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። መንዝ ተወልዶ ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ብርድ ምኑም አይደለም። ንዴት ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ አራት ዓመት አንድ ዶርም የኖርን፣ ጠባሴ መንገድ ላይ ከሩቅ አየችኝና ተሻገረች። እንዴት እንደተሻገረች ቢያዩ! ባጃጅ ሊገጫት ነበር። ከእኔ ሰላምታ ባጃጅ ይሻላል ብላ ነው መሰለኝ።

ኔትወርክ ማርኬቲንግ፣ ዕቃ እየሸጡ ሌላ ሻጭም ከሥር የማስገባት ሥራ፣ ከጀመርኩ 22 ወር ሆነኝ። ስደውል አያነሱም። ቴሌግራም ላይ ያዩታል፣ አይመልሱም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ገና ከበር ስገባ አንዱ «መጣች፣ ቦርሳችሁን ያዙ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

መሥራት ነውር ሆነ እንዴ? አካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌያለሁ። በር ያላንኳኳሁበት መሥሪያ ቤት የለም። ካፌ ውስጥ ካሸር ሆኜ ለቤት ኪራይ የማይበቃ ደመወዝ ስበላ ማንም ከእኔ አልሸሸም፤ «አይዞሽ» ነበር የሚሉኝ። ራሴን ልቀይር ስነሳ ነው የሸሹኝ።

ለእኔ ደግሞ ይህ ነገር ገንዘብ ብቻ አይደለም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት የምፈራ ልጅ ነበርኩ። ፕሬዘንቴሽን ያለ ቀን አሞኛል ብዬ የምቀር። አሁን በየቅዳሜው ሠላሳ አርባ ሰው ፊት ቆሜ ፕላን፣ ማለት የገቢውን አሠራር፣ አሳያለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ አነባለሁ፣ የቀኑን ዕቅዴን እጽፋለሁ። እምቢ ሲሉኝ እጄ አይንቀጠቀጥም። ሊደሬ ሁሌ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለናለች፣ እኔም አምኜ ይዤዋለሁ። ኔጋቲቭ ሰዎችን ከሕይወታችሁ አውጡ ትላለች። እኔ ማውጣት እንኳ አላስፈለገኝም፣ ራሳቸው ወጡልኝ።

ገንዘቡንም ልንገርዎት፣ ምንም አልደብቅም። ስገባ በ24,000 ብር ፓኬጅ ገዛሁ። አክቲቭ ለመሆን ደግሞ በየወሩ የ3,200 ብር ግዢ አለ። እስካሁን የተከፈለኝ ኮሚሽን 31,600 ብር ነው። ብዙ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ኮሚሽን የሚቆጠረው ከሥሬ በግራና በቀኝ መስመር የሚገቡት ሰዎች ግዢ ሲመጣጠን ነው፣ ግራዬ ጥሩ እየሄደ ነው፣ ያስቸገረኝ ቀኙ ነው። ቀኙ እንዳይደርቅ ብዬ በመጀመሪያው ዓመት እናቴን አስገብቻታለሁ፣ በጎች ሸጣ ነው የከፈለችው፣ ደስ ብሏት ነው። የደረሳት የክብደት መቀነሻ ሻይ ነበር፣ አልከፈተችውም መሰለኝ፣ ለገና ስሄድ ሬዲዮው ጎን ዳንቴል አልብሳው አየሁት። ከእሷ ሥር ማንም አልገባም። የምሸጥላቸው ሰዎችም አሉኝ። አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው፣ አብዛኞቹ ጉሊት ይሸጣሉ፣ አንዷ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። የተረከዝ ቅባቱን በየወሩ ይገዙኛል። ስዘገይ ራሳቸው ይደውላሉ። የወር ግዢዬ ግማሹ የሚያልቀው በእነሱ ነው። ግን ግቡ ስላቸው እምቢ አሉ። ደንበኛ ብቻ ናቸው።

የካቲት ላይ የ30,000 ብር ዕቁብ ይደርሰኛል። ሊደሬ በዚያ ብር ቀኝ ላይ ሌላ ፓኬጅ ጨምሪና ራንክሽን፣ ማለት ደረጃሽን፣ ዝጊ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆምሽ የለም ብላኛለች። እኔ ልጠይቅዎት የፈለግሁት ሰው ሲንቅ እንዴት እንደሚቻል ነበር። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ አንዳንድ ሌሊት ልተወው እላለሁ። ከዚያ ፍርሃት ይይዘኛል። ብተወው ያቺ አሞኛል ብላ የምትቀረዋ ልጅ ሆኜ እመለሳለሁ?

የጠባሴዋ፣ ከደብረ ብርሃን

*

የጠባሴዋ ልጄ፣

ጓደኛሽን አንድ ቀን ቡና ጋብዣት። ቦርሳሽን ቤት ትተሽ ሂጂ፣ ስለ ሥራሽ አንድ ቃል አትተንፍሺ። ትመለሳለች። የሠርጉን ቤት ባለጌ እርሺው።

እኔን የያዘኝ ዳንቴሉ ነው።

ለባጃጁ ሙሉ አንቀጽ ሰጥተሽ ለእናትሽ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ወረወርሽላት። «በጎች ሸጣ» አልሽ። ስንት በጎች? መንዝ ተወልዶ የበግ ቁጥር የሚረሳ ሰው አለ? አልረሳሽም። መጻፍ አፍረሽ ነው። ባንቺ አገር በግ የእናት ባንክ እንደሆነ እኔ አልነግርሽም። የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የተዝካር ወጪ፣ የዓመት በዓል ልብስ፣ ሁሉም ከዚያው በረት ነው የሚወጣው። ያንቺም የዶርም ስንቅ ከዚያ እንደወጣ እጠረጥራለሁ።

እና በምትኩ የክብደት መቀነሻ ሻይ! ውኃ ቀድታ ዳገት የምትወጣ፣ ሁዳዴንም ፍልሰታንም የምትጾም የመንዝ ሴት ምኗን ነው የምትቀንሰው? አንቺ ደግሞ «አልከፈተችውም መሰለኝ» ትያለሽ፣ የጎረቤት ዕቃ ይመስል። አትከፍተውም ልጄ። ለእሷ ያ የሻይ ቆርቆሮ አንቺ ነሽ። ጎረቤት ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ «የልጄ ኩባንያ ነው» እንደምትል ልማልልሽ እችላለሁ። ደስ ብሏት ነው ያልሽውን አምኜሻለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከፍቷት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ቀኙ እንዳይደርቅ» ብለሽ እናትሽን አፈሰስሽበት፣ አሁንም ደርቋል።

አካውንታንት ነሽና ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ፓኬጅሽ 24,000። በወር 3,200 በ22 ወር 70,400። የእናትሽም በዚያው ዋጋ ነው ብዬ፣ 24,000። ድምሩ 118,400 ብር። የወር ግዢሽን ግማሽ እነዚያ ሴቶች በገዛሽበት ዋጋ ወሰዱልሽ እንበል፣ 35,200 ተመለሰ። ኮሚሽንሽ 31,600። 51,600 ብር ጎድሏል። ታክሲውን፣ የሞባይል ካርዱን፣ የቅዳሜውን አዳራሽ መዋጮ አልቆጠርኩም። የሌላ ሰው መዝገብ ቢሆንና አንቺ ብትመረምሪው «ግራው ጥሩ እየሄደ ነው» ብለሽ ትፈርሚያለሽ?

ቀኝሽ የደረቀው ሰንፈሽ አይደለም፣ ይህን ደግሞ ጆሮሽን ከፍተሽ ስሚኝ። አንድ ሰው አምስት ሰው ያስገባል፣ አምስቱ እያንዳንዳቸው አምስት፣ እንዲህ እያለ ሲሄድ ስምንተኛው ዙር ላይ 390,625 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ከ244 ሚሊዮን በላይ። የኢትዮጵያን ሕዝብ ከነሕፃኑ ከነመነኩሴው ብታስገቢው አይሞላም። ስለዚህ ሁሌም የሚበዛው ታች ያለው ነው፣ ከፋዩም እሱ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ራሳቸው ያወጧቸውን 70 የገቢ መግለጫዎች መርምሮ፣ አብዛኛው ሰው በዓመት ያገኘው 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው ብሏል፣ እሱም ብዙዎቹ መግለጫዎች ወጪን ሳይቀንሱ። በዶላር አገር እንዲህ ከሆነ ጠባሴ ላይ ምን እንደሚሆን አንቺው አስቢው።

እኛም አገር በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ዕቃ የገዛ ሰው ሌላ ገዢ ባስገባ ቁጥር ሽልማት ያገኛል እየተባለ የሚደረግ የፒራሚድ ሽያጭን ከልክሎ ጽፎታል። ያንቺን ኩባንያ ወረቀት አላየሁም፣ ስለዚህ አልፈርድም። አንቺ ግን ሰዓትሽን አይተሽ መፍረድ ትችያለሽ። ቅዳሜ ፕላን ስታሳዪ ስንት ደቂቃ ስለ ቅባቱ ታወሪያለሽ፣ ስንት ደቂቃስ ስለ ግራና ቀኝ?

እንቁላሉንም አትርሺብኝ። በእግሩ ይሄዳል፣ ልክ ነው። ግን ዶሮ ያሳደገ ሰው ይጠይቅሻል፦ አውራ ዶሮ ያየው እንቁላል ነው? ካልሆነ የትም አይሄድም። ዶሮዋ ራሷ ታውቃለች። ሃያ አንድ ቀን አካባቢ ትታቀፋለች፣ ትንሽ ታልፋለች፣ ካልተፈለፈለ ትነሳና ጥሬዋን ትለቅማለች። ማንም ጽናት የላትም አይላትም። አንቺ 22 ወር ታቅፈሻል፣ አሁን ደግሞ ሌላ የ30,000 ብር እንቁላል ጨምሪ እየተባልሽ ነው።

እኔ ደብረ ሲና ነው ያደግኩት። እናቴ ቆሎ ሻጭ ነበረች። ከጣርማ በር የወረደው አውቶቡስ ሲቆም ሰፌዷን ይዛ ትሮጣለች፣ እኔ ከኋላዋ። እምቢታን የተማርኩት ከመስኮት ሥር ቆሜ ነው። አፍንጫችን ላይ ይዘጉብናል፣ እሷ ወደሚቀጥለው መስኮት። ሲገዟት በብርጭቆ ሰፍራ ጥቅል ወረቀቱ ውስጥ ትገለብጥና በእጇ ቆንጠር አድርጋ ምራቂ ትጨምራለች። አንዳንዴ ምራቂው ከሸጠችው የበለጠ ይመስለኝና እናደድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ከደሴ ሲመለሱ «ያቺ ሱፍ የምትቀላቅለው የት አለች?» እያሉ አንገታቸውን በመስኮት የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ሲጠይቋት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አሁንም ይታየኛል። አንዱንም ተሳፋሪ «አንተም ቆሎ ሽጥ» ብላው አታውቅም። በልቶ እንዲመለስ ብቻ ነበር የምትፈልገው።

አንቺ አሥራ አንድ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉሽ። ጉሊት ላይ ከንጋት ጀምሮ ድንጋይ ላይ የምትቀመጥ ሴት ብሯን በዋዛ አትሰጥም። የደብረ ብርሃን ውርጭ ተረከዟን ሰንጥቆት፣ ያንቺ ቅባት ሠርቶላት፣ ስትዘገዪ ደውላ የምትጠይቅሽ እሷ ናት። አንቺም እሷን «ደንበኛ ብቻ» ትያታለሽ። ያንን «ብቻ» ማን አስተማረሽ? በ22 ወር ውስጥ እውነተኛ ንግድ የሠራሽው ከእነሱ ጋር ነው፣ ያንን ሥራሽን ግን እንደ ሽንፈት ነው የጻፍሽልኝ።

አሁን መጨረሻ ላይ ወደ ቀበርሽው ጥያቄ።

አትመለሺም። ሰው ሮጦ ያጠነከረውን እግር ሜዳውን ሲለቅ እዚያ ጥሎት አይሄድም። አርባ ሰው ፊት የቆምሽው አንቺ ነሽ፣ ልብሽ እየደለቀ፣ በራስሽ ጉሮሮ። ኩባንያው ምን አዋጣ? ወንበር? እሱንም በመዋጮ ሳትከራዩት አልቀራችሁም። መልመጃ ሆኖሻል፣ አልክድም፣ ውድ መልመጃ ነው እንጂ። ነገ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ከፊትሽ የሚቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ከአርባ አይበልጡም። ብድር ተቋም ሂጂ፣ የግል ትምህርት ቤት ሂጂ፣ የእህል ነጋዴ ሒሳብ ያዢ። ያቺ «አሞኛል» የምትለዋ ልጅ አንዳንድ ጧት ብቅ ትል ይሆናል፣ ለእኔም በዚህ ዕድሜዬ ብቅ ትላለች። ቁርስ አብልቼ አስቀምጣታለሁ።

ዕቁቡ የበጎቹ ነው። በዚህ አልደራደርም። ሁዳዴ ሲያዝ የበግ ዋጋ ቀዝቀዝ ይላል፣ ፋሲካ ሲቃረብ ግን አይቀመስም፣ ስለዚህ ቶሎ በይ። ለእርድ የሚሆን ሙክት አትግዢ፣ የምትወልድ እናት በግ ግዢ፣ ጥርሷን የሚያይልሽ አጎት ይዘሽ ሂጂ። ከተረፈሽ ለመንገድ። ለሊደርሽ ዕቁቡ ሥራ አለው በያት፣ ኔጋቲቭ ካለችሽም ትበል፣ አንቺም ራስሽ ስንቱን ብለሻል። አዲስ ሰው ማስገባቱን ዛሬ አቁሚ። ግራሽ ላይ ያስገባሻቸውም ሰዎች አሉ፣ ይህንኑ ሒሳብ ቁጭ አድርገሽ አሳዪያቸው። ይሰድቡሽ ይሆናል። ቻዪው። ቤትሽ የቀረውን ቅባት ለአሥራ አንዱ ሽጪ። ሲያልቅ፣ ከሌላ ቦታ ያለ ግራና ቀኝ የሚገኝ ጥሩ ቅባት ፈልጊላቸው።

እናትሽ በጎቹን አይታ «እኔ መች ጠየቅሁሽ» ትልሽ ይሆናል። ያኔ ነው ጉሮሮሽ የሚዘጋው። ቢሆንም ንገሪያት፣ አንድም ሳታስቀሪ፣ ሻዩ ለምን እንደሆነም ጭምር። ልትስቅ ትችላለች። ቆርቆሮውን ከዳንቴሉ አታውርጂባት ግን፣ እሷ ራሷ ካላወረደችው።

ሌላው፣ የእኔም ተረከዝ ዘንድሮ እንደ ደረቀ መረሬ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ቅባት አስቀምጪልኝ፣ ሒሳቡን ስትመጪ እሰጥሻለሁ። ፎርም ይዘሽ ብትመጪ ግን በሩን አልከፍትልሽም።