የዘይት ግፊት ጌጅ መስመር፦ "1/8" ሁሉ አንድ አይደለም

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሦስቱም የዘይት ግፊት ጌጅን የሚመለከቱ ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ብዙ አሮጌ ሞተር የሚጎዳው እዚያ ጋ ነውና።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ላንድክሩዘር አለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት ግፊት ጌጅ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ዘይቱ ራሱ በቱቦ መጥቶ መርፌውን የሚገፋበት ዓይነት ጌጅ ገዛሁ። አሜሪካ ሠራሽ ነው፣ ቱቦውም ፊቲንጉም (ማገናኛው) አብሮት መጣ። ሞተሩ ላይ የነበረውን ሴንሰር ፈትቼ በቦታው አዲሱን ፊቲንግ ሳስገባ ሁለት ዙር ያህል በእጄ ገባና ጠበቀ። ቀዳዳውም ፊቲንጉም "1/8" ናቸው ነው የሚባለው። ጓደኛዬ "ቴፍሎን ጠቅልልበትና በቁልፍ አጥብቀው፣ ይገባል" አለኝ። ላጥብቀው?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ፣ እንዳታጠብቀው። ቁልፉን አስቀምጥና ፊቲንጉን ቀስ ብለህ በእጅህ መልሰህ አውጣ። ጓደኛህ እውነቱን ነው፣ በቁልፍ ከተገፋ ይገባል። የሚገባው ግን የቀዳዳውን ጥርስ (ብሎን የሚዞርበትን ጠመዝማዛ መስመር) እየበላ ነው። ፊቲንጉ ናስ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው፣ እሱን በትንሽ ገንዘብ ትተካዋለህ። ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ያለው ጥርስ ከተበላሸ ወይም ቀዳዳው ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተ ጋ ሁለት የተለያዩ ጥርሶች ተገናኝተዋል። አሜሪካ ሠራሹ ፊቲንግ ኤንፒቲ (NPT) የሚባለው የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 27 ጥርስ አለው፣ የጥርሱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። የቶዮታህ ቀዳዳ ደግሞ ቢኤስፒ (BSP) የሚባለው የእንግሊዝ የቧንቧ ጥርስ ነው፤ በኢንች 28 ጥርስ፣ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ። ጃፓኖቹ የዘይት ሴንሰር ቀዳዳ ላይ በብዛት የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። የ27 እና የ28 ልዩነት ትንሽ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ ይጋጫሉ። በእጅህ ሁለት ዙር ገብቶ ቀጥ ያለው ለዚህ ነው።

"1/8" የሚለው ቁጥርም አያታልልህ። 1/8 ኢንች 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በእጅህ የያዝከው ፊቲንግ ግን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ቁጥሩ የመጣው ከድሮ የቧንቧ አጠራር ነው፤ የጥርሱን ውፍረት አይነግርህም። በዚህ ላይ ሦስተኛ ተመሳሳይ አለ፦ ብዙ የጀርመን መኪኖች ላይ የምታገኘው ኤም10፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው። የድሮዋ ቮልስዋገን ቢትል የዘይት ሴንሰር ይሄው ነው። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ብትደረድራቸው በዓይንህ አትለያቸውም።

እንግዲህ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለካ። ግን የት እንደምትለካ ተጠንቀቅ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤንፒቲ ሾጣጣ ነው፣ ጫፉ ይቀጥናል፣ ወደ ሥሩ ይወፍራል። ጫፉ ላይ ብትለካው 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያሳይሃል፣ "አሃ፣ ኤም10 ነው" ብለህ ትሄዳለህ። ስለዚህ ሁለት ቦታ ለካ፣ አንዴ ጫፉን አንዴ ሥሩን። ከ10 ጀምሮ ሥሩ ጋ 10.3 ወይም አለፍ ካለ ኤንፒቲ ነው። ከ9.5 ገደማ ጀምሮ ወደ 9.8 ወይም 9.9 የሚሄድ ከሆነ ሾጣጣው ቢኤስፒ ነው። ከላይ እስከ ታች 9.7 ላይ ከቆመ ቀጥ ያለው ቢኤስፒ ነው። 10 ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ኤም10 ነው፣ ምንም እንኳ የቢትሏ ዓይነት ሾጣጣ ኤም10ም ቢኖር። እሱን ከኤንፒቲ ለመለየት የጥርስ መለኪያ ያስፈልግሃል። ያረጀ ጥርስ ትንሽ ስለሚበላ ከነዚህ ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ብታገኘው አይግረምህ።

የጥርስ መለኪያ ከሌለህ አሮጌውን ሴንሰር አትጣለው። ጥርሱን ከአዲሱ ፊቲንግ ጥርስ ጋር ጎን ለጎን አግጥመህ ወደ ብርሃን አንሳው። ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ካላሳለፈ አንድ ናቸው። አንደኛው ጫፍ ላይ ገጥሞ ሌላኛው ጫፍ ላይ ከፈት ካለ የተለያዩ ናቸው። በደንብ እየው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለው ልዩነት ግማሽ ጥርስ እንኳ አይሞላም።

አንተ የሚያስፈልግህ የናስ አዳፕተር ነው፦ ወንዴው 1/8 ሾጣጣ ቢኤስፒ፣ ሴቴው 1/8 ኤንፒቲ። ወንዴው ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ የጌጅህ ፊቲንግ ሴቴው ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ስትገዛ ሁለቱንም ጎን በስሙ ጥራ፣ "የ1/8 አዳፕተር" ብቻ ብለህ አትውጣ።

እግረ መንገድህን ቲ ፊቲንግ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ብታስገባ ደስ ይለኛል። አንዱ ጎን ለጌጁ፣ አንዱ ለማስጠንቀቂያ መብራት ስዊች ይሆናል። መንገድ ላይ ዓይንህ ጌጁ ላይ ሁልጊዜ አይደለም፣ ቀይ መብራት ግን ይጠራሃል። ብቻ ቲውን ከነሸክሙ ሞተሩ ላይ አታንጠልጥለው። ረጅም የናስ ፊቲንግ ጫፉ ላይ ከባድ ሴንሰር ተሸክሞ በንዝረት ሲወዛወዝ ሥሩ ላይ ይሰበራል፣ ያኔ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ከሞተሩ አጭር ተጣጣፊ ቱቦ አውጣና ቲውን ቦዲው ላይ እሰረው።

ቴፍሎንን በተመለከተ፣ ሾጣጣ ጥርስ ላይ ይፈቀዳል፣ ጫፉ ላይ ያለውን አንድ ሁለት ጥርስ ግን ባዶ ተው። የተቆረጠ ቴፍሎን ወደ ዘይት መስመር ከገባ ቀጭኑን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጌጅህም ውሸት ያወራል። ቀጥ ያለ ጥርስ ላይ ግን ዘይቱን የሚይዘው የመዳብ ሮንዴላው ነው፣ ቴፍሎን ምንም አይሠራም። ሾጣጣውን ስታጠብቅ መጀመሪያ በእጅ እስኪቆም፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ፣ ይበቃል። ሾጣጣ ጥርስ እንደ ሽብልቅ ነው፣ በገፋኸው ቁጥር ቀዳዳውን ይለጥጠዋል፣ አሉሚኒየም ከሆነ ይሰነጥቀዋል። ጨርሰህ ሞተሩን አስነሳ፣ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቅና እንደገና እይ። ሲቀዘቅዝ ያልታየ ማርጠብ ሲሞቅ ይታያል።

ጥያቄ፦ የቆየች የእንግሊዝ መኪና አለችኝ። ወደ ጌጁ የምትሄደው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ሞተሩ አጠገብ ተሰነጠቀች። ወደ ናይለን ልቀይራት ወይስ ወደ ሽቦ ለበስ ቱቦ? ሽቦ ለበስ ቱቦ ሞክሬ ነበር፣ ጥርሱ እስከ መጨረሻው በደንብ ገባ፣ ግን ባጠበቅኩት ቁጥር ያንጠባጥባል።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሚያንጠባጥበውን እንይ። በዚህ ዓይነት መጋጠሚያ ዘይቱን የሚይዘው ጥርሱ አይደለም፣ ውስጥ ያለው ሾጣጣ መቀመጫ ነው። ባለ 37 ዲግሪ መቀመጫ አለ፣ ኤኤን ወይም ጂአይሲ የሚባለው፤ ባለ 45 ዲግሪ ደግሞ አለ። አራት ቁጥር ኤኤንና ለ1/4 ኢንች ቱቦ የሚሆነው ባለ 45 ዲግሪ ሁለቱም 7/16 ኢንች ባለ 20 ጥርስ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሌላው ውስጥ ያለምንም ችግር ይገባል፣ መቀመጫቸው ግን የሚነካካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ማጥበቅ አያድነውም፣ መቀመጫውን ይጎዳዋል እንጂ። ሁለቱን ጫፎች ፍቺና ሾጣጣነታቸውን አስተያዪ፣ አንደኛው ሹል ብሎ ሌላኛው ደልደል ካለ ችግሩ ተገኘ። ያረጀ የእንግሊዝ ጌጅ ከሆነም ጀርባው ላይ ያለው ጥርስ 1/8 ቢኤስፒ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ከላይ እንደተባለው ለኪው።

ስለ ቱቦው የኔ ምርጫ ከሞተሩ እስከ ቦዲው ሽቦ ለበስ፣ ከዚያ እስከ ጌጁ መዳብ ነው። ሞተር የጎማ መደገፊያ ላይ ስለተቀመጠ ይወዛወዛል፣ ቦዲው አይወዛወዝም። መዳብ ደግሞ እየታጠፈና እየተዘረጋ ሲቆይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ያንቺም የተሰነጠቀችው በዚህ ይመስለኛል። ሙሉውን መዳብ ለማድረግ ከፈለግሽ ሞተሩ አጠገብ ሁለት ሦስት ዙር ጠምዝዘሽ ተዪለት፣ እንቅስቃሴውን ጥቅልሉ ይቀበለዋል። ናይለን ርካሽና ቀላል ነው፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ ካለፈ ግን ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል። ግፊት ያለው የጋለ ዘይት ጭስ ማውጫ ላይ ከፈሰሰ እሳት ነው። መኪናው ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ እግርሽ ላይ ነው የሚመጣው። የትኛውንም ብትመርጪ በብረቱ ግድግዳ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ አድርጊለት፣ የቀዳዳው ጠርዝ ቱቦ ይበላል።

ጥያቄ፦ ዘይት መኪናው ውስጥ እንዳይገባ ብዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጌጅ አስገባሁ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ስከፍት መርፌው መጨረሻው ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይወርዳል። ጌጁ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ጌጁ ደህና ይመስላል፣ ከሴንሰሩ ጋር ነው ያልተግባቡት። ብዙ የአሜሪካ ጌጆች ዜሮ ግፊት ላይ 240 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ ሙሉ ግፊት ላይ 33 ኦም ይጠብቃሉ። እንደ ቪዲኦ (VDO) ያሉ የአውሮፓ ሴንሰሮች ደግሞ ተገላቢጦሽ ናቸው፣ ከ10 ተነስተው ወደ 180 ኦም ይወጣሉ። የአውሮፓ ሴንሰር ከአሜሪካ ጌጅ ጋር ስታገናኝ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 10 ኦም ይሰጠዋል፣ ጌጁም ሙሉ ግፊት ነው ብሎ ያነበዋል። ሞተሩ ሲነሳ ኦሙ ይጨምራል፣ መርፌው ይወርዳል። የነገርከን ይሄንኑ ነው።

ለማረጋገጥ ሞተሩ እንደጠፋ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀልና በመልቲሜትር ከሴንሰሩ ጫፍ እስከ አካሉ ለካ። 10 አካባቢ ካገኘህ አውሮፓዊ ነው፣ 240 አካባቢ ከሆነ አሜሪካዊ። ከዚያ ከጌጅህ ጋር የሚሄደውን ሴንሰር ግዛ፣ የግፊት መጠኑም እኩል ይሁን፤ እስከ 5 ባር ለሚያነብ ጌጅ የ10 ባር ሴንሰር አይሆንም። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳ (የኔጋቲቭ መስመር) የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ቴፍሎን አታብዛበት። ገጥመህ ስትጨርስ ከሴንሰሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ለካ፣ ወደ ዜሮ ኦም መቅረብ አለበት።