ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሆዱ ላይ ከረጢት ላለው ደንበኛ ሽንት ቤታችንን እንዴት እናስተካክል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ በማኅበር ተደራጅተን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እናስተዳድራለን። አንጀቱን ተቀዶ ሆዱ ላይ ከረጢት የተደረገለት ሰው ገብቶ ቆየብን፤ የተሰለፉትም በሩን ደበደቡበት። ሲወጣ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት እንዳጣ ነገረን። ብዙ ገንዘብ የለንም፤ ከምን እንጀምር?

መልስ፦ በአገራችን ኮሎስቶሚ (አንጀቱን ሆድ ላይ አውጥቶ ሰገራው ከረጢት ውስጥ እንዲገባ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና) ከሚሠራባቸው ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መጠማዘዝ ነው፤ እሱም ጤነኛ የነበረን ሰው ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ደንበኛችሁ ጠንካራ ገበሬ ወይም ሹፌር ሊሆን ይችላል፣ ሲያዩት ታማሚ አይመስልም። ሆዱ ላይ የወጣው አንጀት፣ ስቶማው፣ የሚዘጋው ጡንቻ ስለሌለው ሰገራውን መያዝ አይችልም። ከረጢቱ ሲሶው ወይም ግማሹ ሲሞላ መደፋት አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ክብደቱ ማጣበቂያውን ከቆዳው ይነቅለዋል። መድፋቱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፣ መቀየሩ ግን ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በሩ የተደበደበው ምናልባት ሁለቱም እጆቹ በተያዙበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከመደርደሪያ ጀምሩ። ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተመታ 40 በ20 የሆነ ጣውላ ይበቃል፤ ፈሳሽ እንዳይመጥ ግን ቀለም ቀቡት። አዲሱ ከረጢት፣ መቀስና ሶፍት ወለል ላይ ከተቀመጡ ይረጥባሉ፣ የረጠበ ከረጢት ደግሞ አይጣበቅም። በሩ ላይ ሁለት መስቀያ ምቱ፤ አንዱ ለቦርሳ፣ አንዱ ለጋቢ ወይም ለኮት።

ውሃው ከበሩ ውስጥ ይሁን። ከረጢቱን ከፍቶ ወደ ውጭው መታጠቢያ አይወጣማ! ቧንቧ ማስገባት ከከበዳችሁ ባለ ቧንቧ ጀሪካን ይበቃል። ቅባት ያለው ሳሙና ቆዳው ላይ ከቀረ ማጣበቂያው ስለማይይዝ ስቶማው ዙሪያ በንጹሕ ውሃ መታጠቡ ይሻላል። መስታወት ከሰቀላችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ማየት የሚፈልገው ፊቱን ሳይሆን ሆዱን ነው። ስቶማው ቀይ ወይም ሮዝ መሆን አለበት፣ ጠቁሮ ካገኘው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።

ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ለእሱ ፈተና ነው። ቆሞ ሲደፋ ይረጫል፣ ሲያጎነብስ ልብሱ ወለሉን ይነካል። ከክፍሎቹ አንዱን መቀመጫ ያለው አድርጉት። እስከዚያው አስቀድሞ ጉድጓዱ ላይ ሶፍት ጣል ማድረግ ርጭቱን ይቀንሳል።

በእግር የሚከፈት፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያም እዚያው ክፍል ውስጥ አኑሩ። ካልሆነ ያገለገለው ከረጢት ጉድጓድ ይገባል፤ አይሟሟም፣ መስመሩን ይደፍናል፣ የማስከፈቻው ሂሳብም በእናንተ ነው። የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ። የፈሰሰውን መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይጥረግ፤ በረኪና ሰገራ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ ለ9 እጅ ውሃ አቅጥኖ ያፍስስበትና 10 ደቂቃ ያቆየው።

በር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ያንን ክፍል ለሚጠይቅ ሰው ሕመሙን ሳይጠይቅ ይስጠው። በተለይ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሻገር ሰው ጀልባው ላይ መድፊያ ስለማያገኝ ሳይሳፈር መድፋት አለበትና፣ በበዓላት ጠዋት ሰልፉ ቢረዝምም ቅድሚያ ስጡት።