መክተፊያሽን ጠቆረ ብለሽ አትጣዪው፤ መጀመሪያ የት እንደሚደርቅ ንገሪኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የእንጨት መክተፊያሽ ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ ብታጥቢውም ሽታው አልለቅ ብሏል፣ ምራትሽም «ጣዪውና ፕላስቲክ ግዢ፣ ፕላስቲክ ንጹሕ ነው» ብላሻለች። ከሥር የተሰጡትን መልሶች አነበብኩ፤ አብዛኛው ሰው ከምራትሽ ጋር ተስማምቷል። እኔ አልስማማም። ኑሮዬ ክትፎ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሥጋ የሚከተፈው ዓይኔ ሥር ነው፤ በዚሁ በመክተፊያ ጉዳይ ገንዘቤም ክብሬም ተነክቷል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ።

አንደኛ፦ መክተፊያሽ የጠቆረው እንጨት ስለሆነ ሳይሆን ስለማይደርቅ ነው። ካጠብሽው በኋላ ግድግዳ አስደግፈሽ እግሩን ውሃ ውስጥ ታቆሚዋለሽ፣ አለዚያም እርጥብ ጠረጴዛ ላይ ታስተኚዋለሽ። እንጨት አብዝቶ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ነው፤ ጥቁረቱ ከዳር የጀመረው ለዚያ ነው፤ ሻጋታ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከሁሉም የከፋው እንዳይንሸራተት ተብሎ ከሥሩ የሚነጠፈው እርጥብ ጨርቅ ነው። ጠዋት ተነጥፎ እስከ ማታ እዚያው ይቆያል፤ ብዙዎች የላይኛውን ፊት ፈግፍገው ያጥቡና በሥጋ ውሃ የራሰው ጨርቅ ላይ መልሰው ያስቀምጡታል። ማታ መክተፊያሽን ገልብጪና የታችኛውን ፊት አሽትቺው። ሽታው ከዚያ ከሆነ ጥፋቱ የጨርቁ ነው። ጨርቁን በየቀኑ ቀቅይ፣ መክተፊያውን በጠርዙ አቁመሽ ሁለቱም ፊቱ አየር እንዲያገኝ አድርጊ። ፀሐይ ጥሩ ነው፤ ግን የቀትር ፀሐይ ላይ ከተዉት እንጨት ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ፦ ፕላስቲክ ንጹሕ የሚሆነው አዲስ ሳለ ነው። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ።

ቤቴ ውስጥ ከወይራ ግንድ የተሠራ ወፍራም መክተፊያ ነበረኝ። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ለቁጥጥር የመጣ ወጣት ገባ፤ ምሳ ሰዓት ነው፣ ቤቱ በደንበኛ ሞልቷል። መክተፊያውን በጣቱ እንኳ ሳይነካው ከበር ላይ ቆሞ «ይህን አንሺው፤ እንጨት ተሕዋስያን ይፈለፈሉበታል» አለኝ። እናቱ የምሆነውን ሴት በሰው ፊት አንቺ ይለኛል። «ልጄ፣ መመሪያው ላይ የት እንደተጻፈ አሳየኝና አሁኑኑ አነሣዋለሁ» አልኩት። «ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው? ካላነሣሽ እናሽገዋለን» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሄደ። በየት እንደማደርቀው አልጠየቀም፣ በምን እንደማጥበው አልጠየቀም፣ ማጠቢያው ጋ ሳሙና ይኑር አይኑር አላየም። ቤት እንዲታሸግብኝ ስላልፈለግሁ በማግሥቱ መርካቶ ወርጄ ከሁሉ ውድ የሆነውን ወፍራም ነጭ ፕላስቲክ ገዛሁ።

የክትፎ ቢላ ስለት ታውቂያለሽ፤ እጅ ሳያርፍ ይወርዳል። ብዙም ሳይቆይ ፕላስቲኩ መሐሉ ላይ ተፋቀ፤ ቀዩ ሥጋ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነጭ የፕላስቲክ ፍቅፋቂዎች ይታዩ ጀመር። አንድ የቆየ ደንበኛዬ አንዱን በጣቱ አንሥቶ አሳየኝ፤ ያን ዕለት ያፈርኩት ማፈር! ቢላው ፕላስቲኩን በጫረበት ደግሞ ስቡ ገብቶ ግራጫ መስመር ሆነ፤ በብሩሽ ብንፈገፍግ፣ በሙቅ ውሃ ብናጥብ አልወጣም። ያ ወጣት ተመልሶ መጣ፤ ነጭ ፕላስቲክ መሆኑን ከሩቅ አየና ፈረመ። ቀርቦ ቢያየው ኖሮ ያንን ነበር ማስጣል ያለበት። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሜሪላንድ ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራው ወንድሜ ታሪኩን ሲሰማ አዘነልኝ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚያወጣው የምግብ ቤቶች ደንብ ራሱ እንደ ሜፕል ያለ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ለመክተፊያ እንደሚፈቅድ የነገረኝ እሱ ነው። ዲን ክላይቨር የሚባሉ የምግብ ደኅንነት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙትንም ጥናት አስረድቶኛል። ሰዎቹ ሲነሡ ፕላስቲክ ይበልጣል ብለው አምነው፣ እንጨቱን ወደ እሱ ደረጃ የሚያደርስ ማጽጃ ፍለጋ ነበር። ያገኙት ሌላ ሆነ፦ እንጨት ላይ ያረፈው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ሰርጎ ሳይራባ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ በቢላ የተጫጫረ ፕላስቲክ ግን፣ በተለይ የዶሮ ስብ ከነካው፣ በእጅ ታጥቦ ለመጽዳት ያስቸግራል። እኔ ያየሁት ግራጫ መስመር ይኸው ነው።

ይህን ስልሽ ግን በአንድ እንጨት ሁሉን ክተፊ ማለቴ አይደለም። በየቤታችን የጾምና የፍስክ ዕቃ እንለያለን፤ ደግ ልማድ ነው፤ ግን ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። የበዓል ዋዜማ ላይ የዶሮው ብልት የወጣበት የፍስክ መክተፊያ በውሃ ለቅለቅ ይደረግና ሰላጣና ቃሪያ ይከተፍበታል። ዶሮው ወጥ ውስጥ ገብቶ ይበስላል፤ ሰላጣው ግን ጥሬውን ነው የሚበላው፤ ልጆች በበዓል ማግሥት የሚያማቸውም አንዳንዴ በዚህ ነው። ስለዚህ በጾም ይሁን በፍስክ፣ ጥሬ የሚበላ አትክልት የራሱ መክተፊያ ይኑረው። እኔ ለዶሮ ብቻ አንድ ፕላስቲክ አስቀርቻለሁ፤ ጥፍሬን ሳሳልፍበት መያዝ ሲጀምር ሳልሳሳ እጥለዋለሁ። በሽቦ አታጥቢው፤ ሽቦው ራሱ ይጭረዋል።

ከሥር በመልሶቹ ውስጥ መክተፊያ ማጠብ ከኮሶ ያድናል ያለችው እህት ደግሞ ትታረም፦ የኮሶ እጭ ያለው ሥጋው ውስጥ ነው፤ መክተፊያ ብታጥቢ አይጠፋም። እሱን የሚከላከለው በቄራ ተመርምሮ ማኅተም የተመታበት ሥጋ መግዛትና ማብሰል ነው።

አጠባቡ ላይ፦ ደም የነካውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቂው፤ የፈላ ውሃ ድንገት ከደፋሽበት ደሙን አብስሎ ያጣብቀዋል፣ ስስ ፕላስቲክ ከሆነም ይጠማዘዛል። ከዚያ ሙቅ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ብሩሽ። ከታጠበ በኋላ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በጥብጠሽ ፊቱን አልብሺው፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂውና አቁሚው። ስብ ላይ የፈሰሰ በረኪና አቅሙን ያጣል፤ ቀድሞ ማጠብ ግድ ነው። ብጥብጡንም ከርሞ አትጠቀሚበት፣ በየቀኑ አዲስ አድርጊ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ከበርሜል ተቀድቶ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እኛም እንደዚያው ነን፤ ውሃ ባጠረ ቀን የሚከተፈውን እቀንሳለሁ እንጂ እጥበቱን አልቀንስም።

ሎሚና ጨው ሽታ ያነሣል፣ እኔም እጠቀማለሁ፤ ተሕዋስያኑን ይገድላል ብለሽ ግን አትተማመኚበት። ሎሚም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ! የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፤ ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል።

አሁን የአንቺውን እንጨት ለማዳን፦ ደህና አድርገሽ አድርቀሽ አናጢ ዘንድ ውሰጂውና በሁለቱም ፊት በመላጊያ ይላገው፤ አንዱን ፊት ብቻ ከላገው ይጣመማል። በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ጥቁረቱ ከላይ ብቻ ከነበረ ንጹሕ እንጨት ይወጣል። ከዚያ ፋርማሲ የሚሸጠውን ፈሳሽ ፓራፊን ቀብተሽ አሳድሪው። የኑግም ሆነ ሌላ የምግብ ዘይት አትቀቢ፤ ይበላሽና ራሱ ይሸታል። ውሃ ጠብ ስታደርጊበት ጠብታው ሳይሰርግ ከቆመ በቅቶታል፤ ከሰረገ ድገሚው።

የእኔን ወይራ እንደዚሁ አስልጌ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለቁጥጥር የመጣችው ባለሙያ ገልብጣ ከሥሩ አየችው፣ በእጇ ዳሰሰችው፣ የት እንደሚደርቅ ጠየቀችኝና መስቀያውን አሳየኋት። ምንም አላለችም፤ አልፈረደችብኝም።

አንቺ ግን ሳትደክሚ መጀመሪያ ከጎን በኩል ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊው። በማጣበቂያ የተያያዘ ኮምፔንሳቶ ከሆነ፣ ወይም ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ካለፈ፣ ለአናጢ የምታወጪው ገንዘብ ስለሚባክን ጣዪው።