ምስክር ሆነሽ ከተጻፍሽ አጠገቧ አያስቀምጡሽም

«የወንድሜ ሚስት ክሪ ናት (ከካናዳ ነባር ተወላጅ ሕዝቦች አንዱ)፤ ስለተደፈረችበት ጉዳይ ኤድመንተን ፍርድ ቤት ልትመሰክር ነው፤ ምን ልርዳት?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

1. አንቺ ራስሽ ለፖሊስ ቃል ሰጥተሻል? እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የኔም ጓደኛ ክሪ ናት፤ አብረን ሆስፒታል ጽዳት እንሠራ ነበር። ያን ሌሊት የደወለችው ለእኔ ስለሆነ የሰማሁትን ለፖሊስ ተናገርኩ፤ በዚህ አልጸጸትም። የምጸጸተው «አይዞሽ፣ ስትመሰክሪ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» ብዬ ቃል በመግባቴ ነው። የካናዳ ሕግ ተበዳይዋ ደጋፊ ሰው አጠገቧ እንዲቀመጥላት መጠየቅ እንደምትችል ይላል። ደጋፊዋ ራሷ ምስክር ከሆነች ግን፣ ዳኛው ለፍትሕ የግድ ነው ካላለ በቀር አይፈቀድም። ይህን የነገሩኝ በቀጠሮው ዕለት ጠዋት፣ የችሎቱ በር ላይ! ብቻዋን ገባች፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ዞር ብላ ያየችኝ አስተያየት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። አንቺ ቃል ሰጥተሽ ከሆነ ዛሬውኑ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እናቷ፣ አክስቷ፣ ከማኅበረሰቧ የምታከብራት አንዲት ባልቴት።

2. ተከሳሹን እንዳታየው መከለያ፣ ወይም ከሌላ ክፍል በቪዲዮ መመስከር ይቻላል፤ ስሟ እንዳይወጣም እገዳ ይጠየቃል። ሁሉንም ለዐቃቤ ሕጓ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። እኔ በስልክ ብጠይቅ አንዷ የቢሮ ሠራተኛ ምን አለችኝ? «ሰክራ እንዳትመጣ ንገሪያት።» ጓደኛዬ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም! ክሪ መሆኗን ብቻ ሰምታ ነው። የሴትዮዋን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቤ አቤቱታዬን በእንግሊዝኛዬ እንደምንም ጻፍኩ። መከለያው ተፈቀደ።

ይህ ንቀት ችሎት ውስጥም ይገባል። እዚሁ ኤድመንተን እ.ኤ.አ. በ2011 የሞተችው ተወላጇ ሲንዲ ግላዱ የሦስት ልጆች እናት ነበረች፤ በሞቷ የተከሰሰው ሰው ችሎት ላይ ግን ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ፊት ደጋግመው «ተወላጅ»፣ «ሴተኛ አዳሪ» ይሏት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዳኞች ጁሪውን በተወላጅ ሴቶች ላይ ካለው ጭፍን አመለካከት እንዲጠነቀቅ ሊያሳስቡት ይገባል ብሏል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጓን «ይህ ማሳሰቢያ ይጠየቅልን» በያት፤ አትፈሪ።

የተከሳሹ ጠበቃ ያለፈ የወሲብ ሕይወቷን ላንሳ ካለ አስቀድሞ ማመልከት አለበት። በዚያ ክርክር ላይ እሷም የራሷን ጠበቃ ማቆም ትችላለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሕጉ ላይ በግልጽ አለ። እኛ ዘግይተን ነው የሰማነው።

መጽሐፍ ቅዱስ መያዝ ካልፈለገች ደግሞ በተወላጆች ዘንድ የተቀደሰውን የንስር ላባ ይዛ ቃል መግባት እንደምትችል ጠይቁላት። ጓደኛዬ የአያቷን ላባ ይዛ ነው የመሰከረችው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእጇ አላስቀመጠችውም።